የርዕሰ መምህር ፔነር የባህል አክብሮት

በካናዳ፣ በሰሜን ማኒቶባ፣ ባህላችንን የሚያከብር ርዕሰ መምህር ያልተላከበት ትምህርት ቤት የለም። ከደቡብ ይመጣል፣ ከሻንጣው በፊት ፈገግታው ይደርሳል፣ ግድግዳውን በላባና በከበሮ ሥዕል ይሞላል። ከዚያ እኛኑ ስለ ራሳችን ሊያስተምረን ስብሰባ ይጠራናል። ለእኛ የደረሰን ክቡር ሚስተር ዳረል ፔነር ነው። እኔ እዚሁ ትምህርት ቤት ክሪኛ አስተምራለሁ፤ እኔም ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከክሪዎች ወገን ነኝ። ስለ ክሪዎች ግን የእሱን ያህል አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም።

«ባህላችሁን ከልቤ አከብራለሁ» ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ ይላታል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሲፈነዳም ይላታል።

አንድ ቀን በእኛ ልማድ ከሽማግሌ ምክር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ትምባሆ እንደሚሰጥ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ኪሱን በትምባሆ ሞልቶ ላገኘው ሁሉ ማደል ሆነ ሥራው። ልጆቹን ይዞ ከሶርያ የመጣውን ማርዋንን የወላጆች ስብሰባ እንዲመጣለት ሲለምነው እሱንም አስጨበጠው። ማርዋን ግራ ገብቶት እኔ ዘንድ መጣ።

«እህቴ፣ ሲጋራ ሐኪም ከልክሎኛል። አልፈልግም ብዬ ብመልስለት ልጆቼን ያባርርብኝ ይሆን?»

ለእነ ማርዋን ክብርም ፔነር ትልቅ የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣ ደገሰ። የአጋዘን ሥጋ ተቀቀለ፣ ቂጣ ተጠበሰ። ወሩ ረመዳን ነበር፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን። አባትና ልጆች ሳህናቸውን እያዩ በጨዋ ደንብ ሲቀመጡ፣ ፔነር ደግሞ አፍረው መስሎት ሥጋ ይጨምርላቸዋል። ሰውየው ማክበር ይወዳል፤ መጠየቅ ግን አልለመደበትም።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። የዝይ ሰሞኑ ግን አላሳቀኝም። በረዶው መሳሳት ሲጀምር ዝዮቹ ይመለሳሉ፤ ያኔ ከተማው ሁሉ አደን ይወጣል፣ የዓመቱም ሥጋ የሚገኘው ያኔ ነው። ፔነር ቢሮው ውስጥ የሚበሩ ዝዮች ትልቅ ሥዕል ሰቅሏል። እዚያው ሥዕል ሥር ተቀምጦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ማጠቃለያ ፈተና የዝይ ሰሞን ላይ ጣለው።

ዴዝሬ የምትባል ተማሪ አለችን። ፈተናውን ካለፈች ነርስነት ልትማር ዊኒፔግ ከተማ ትገባለች፤ ካልተፈተነች ቀረ። አያቷ ክሌመንስ፣ ሁላችንም በክሪኛ «ኮኩም»፣ አያቴ፣ የምንላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ የቤቱ ተኳሽ እሷው ናት። እሷ ካልወጣች ቤቱ ሥጋ አያይም። ይህንን ሄጄ ስነግረው ፔነር ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ፣ ፊቱ ቀላ። ወዲያው የበላዮቹ ዘንድ ደወለ፤ አንዴ የተላለፈ ቀን አይለወጥም አሉት። «ባህላችሁን ከልቤ…» ብሎ ሲጀምር በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ወጣሁ። ንዴቱ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም።

ዴዝሬ አያቷን መረጠች። በፈተናው ቀን እኔም ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ነበርኩ። በረዶው ላይ ነጭ ለብሰን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ዝይ ስንጠብቅ፣ ቀይ ጃኬት ያደረገ ሰው እስከ ጭኑ ጭቃ እየገባ፣ ስማችንን እየተጣራ ከተፍ አለ። ሊያርፉ ያንዣበቡት ዝዮች ዞረው ሄዱ። ፔነር የፈተናውን ወረቀት በዳቦ ፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል።

«ዝም በል» አሉት ኮኩም። «ያንን ቀይ ነገር አውልቅና ተቀመጥ።»

አወለቀ። በነጭ ካናቴራ ተቀምጦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ እስኪመሽ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዴዝሬ የምግብ ሣጥን ክዳን ላይ ትጽፋለች፤ ዝይ ሲመጣ እስክሪብቶውን ጥላ ትተኩሳለች፤ ተመልሳ ትጽፋለች። ፈተናውን አለፈች፣ ያውም በጥሩ ውጤት።

ከዚያ ፈተና ሜዳ ላይ ሰጥቷል ተብሎ፣ ፔነርን ከሥራው ሊያነሳ አንድ አለቃ ከደቡብ መጣ። ኮኩም እኔን አስከትለው ገቡ። አለቃው ስለ ርዕሰ መምህሩ ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው።

«ሞኝ ነው» አሉ ኮኩም። «የመጣ ዕለት ነው ያወቅኩት። ግን ሲነግሩት ይሰማል። ከዚህ በፊት የላካችሁብን ብልጦች አንዳቸውም አልሰሙንም።»

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። ስንት ጊዜ የተሳለቅሁበት ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እንዳይወስዱብን ፈራሁ።

«ይሄኛውን ተዉልን» አልኩት። «ገና እያስተማርነው ነው።»