ገንዳው ድኗል!

ሕመሙ ገና ጋብ ሲል «ኸላስ፣ በቃ፣ ድኗል!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የተሰነጠቀ ኮንክሪት እየበሳሁ፣ ሙጫ እንደ መርፌ እየወጋሁ የምኖር ሰው ነኝ። እንጀራዬ ስንጥቅ ነው፤ ያስመረረኝ ግን «ኸላስ» ነው።

ነጋዴው ሐጂ ሰይድ የኸላሶች ሁሉ አለቃ ናቸው። የውሃ ገንዳቸውን ሁለት ጊዜ ወጋሁላቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሙጫው ሳይጠነክር ውሃ ሞሉበት። ገንዳው እንደገና አፈሰሰ፣ ተሰዳቢው እኔ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቆርጬ ገባሁ። ሙጫውን በፓምፕ እየገፋሁ ስንጥቁን እስከ ጥጉ ሞላሁና ገንዳውን የሚሞላውን ቧንቧ እጀታ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ገንዳው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ኸላስ፣ ድኗል! እጀታውን አምጣ!» አሉኝ ሐጂ።

«ሙጫው የሚደርቀው ነገ ነው። እስከዚያ ከዚህ የሚያስነሳኝ የለም።»

«ወላሂ፣ አንተ ሐኪም ነህ ወይስ ዘበኛ?»

«ዛሬ ሁለቱንም ነኝ።»

ይሄኔ ባለቤታቸው ግማሹ ያልተነካ የወባ ኪኒን ይዘው ብቅ አሉ።

«ትናንት ‹ኸላስ፣ ድኛለሁ› ብሎ የተወው ነው» አሉኝ። «ልጄ፣ ይህን ካልዋጠ እጀታውን ነገም እንዳትሰጠው።»

ሐጂ ኪኒኑን አዩ፤ ኪሴን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ፣ መዋጫ ውሃ አምጪልኝ» አሉ።