ሰው ላክልኝ ያልኩ ለት

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉ ነበር። ዛሬ ለመፍረድ አነጋገር የሚጠብቅ የለም፤ ጨርቅ አይቶ መፍረድ ይቀላል። ትምህርት ብዙ የለኝም፣ ይህን የተማርኩት እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ፣ አውቶቡስ ላይ ነው። አንዲት ሙስሊም ሴት ፀጉሯን ሸፍና ስትሳፈር ይኼ ቦርሳውን ያቅፋል፣ ያኛው ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፣ ከአጠገቧ ያለው ወንበርም ባዶውን የሰፈራችንን የጊቫት ሃሞሬን ዳገት ይወጣል። ባዶ ወንበር ለእኔም ባዳ አይደለም፤ ከአጠገቤ ሆኖ ብዙ ተጉዟል። ጎንደር ሳለን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን የምንለያቸው ገና ከአጥር ወዲያ ሰላም ሲሉን በድምፃቸው ነበር። እዚህ ሰላምታው ሲጠፋ ጨርቅ ማንበብ ጀመርን።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴን መሀል ከተማ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ጠብታ አደረጉባትና ዓለም ሁሉ ጭጋግ ሆነባት። ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጬ፣ «ንቅንቅ እንዳትዪ» ብያት መድኃኒቷን ላመጣ ተሻገርኩ። ስመለስ ዝናቡ ወንበሩን አጥቦታል። ሚስት የለችም።

ዓይኗ የማያይ ሴት፣ መኪና በሚከንፍበት መንገድ ዳር! እንዳልጣራ፣ እኛ ባደግንበት አገር ሚስትን አደባባይ ላይ በስሟ መጥራት ነውር ነው። ዕድሜ ልኬን «አንቺ» ነው ያልኳት። አሁን አፉላ መሀል ቆሜ «አንቺ!» ብል ማንኛዋ ትዙር?

ገበያ አዳራሹ በር ላይ የእኛው ሰው ጥበቃ ቆሟል። «ልጄ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች የእኛ ሴት አላየህም?» አልኩት።

አንገቱን አስግጎ ቃኘ። «አባባ፣ ኢትዮጵያዊት የለችም። እዚያ መጠለያው ሥር ሽቴ አራቢዮት ናቸው ያሉት፣ ዜሁ፣ በቃ።»

እኔም አየሁ። እውነቱን ነው፤ ሁለት አረብ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አለፍኳቸው።

እስከ መንገዱ ጥግ ሄጄ አጣኋትና ጸሎት እያደረስኩ ተመለስኩ። ስጸልይ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ምኩራብም ውስጥ በዚሁ ይስቁብኛል። «የእስራኤል አምላክ ሆይ፣ ያጣመርከን አንተ ነህ፤ እባክህ ሰው ላክልኝ፣ አንድ ሰው!» እያልኩ ዓይኔን ወደ ተራራው እንዳነሣሁ፣ አንድ እጅ እጅጌዬን ጨመደደው። ዞር ስል ሂጃብ የለበሰች ወጣት ናት። «ሳባ! ሳባ!» ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ልሸሽጋችሁ አልችልም፣ ልቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ሎ፣ ሎ፣ ቶዳ»፣ አልፈልግም አመሰግናለሁ፣ ብዬ እጅጌዬን መነጨቅኩ። ጸሎት ላይ ነኛ! ሰው እየጠበቅኩ ነዋ!

ከመጠለያው ሥር ድምፅ መጣ።

«አንቱ ሰውዬ! ሰው ላክልኝ እያሉ የተላከውን ያባርራሉ?»

ባለቤቴ ናት። ከሁለቱ አረቦች አንደኛዋ።

ለካ ዝናቡ ሲወርድ ልጅቱ እጇን ይዛ ከመጠለያው አስገብታታለች። ሻሿ ርሶ ሲያንጠባጥብ ብታይ፣ ለእናቷ የገዛችውን አዲስ ሰማያዊ መሸፈኛ ከፌስታሉ አውጥታ ልክ እንደ ራሷ አድርጋ ጠቀለለችላት። የእኔን ጸሎት የሰማችው ባለቤቴም «የእኔ ሰው ነው፣ ያዢልኝ» ብላ በእጇ ወደ ድምፄ ጠቆመቻት።

«ማን እንደሆነች ሳታውቂ እንዴት እጅሽን ሰጠሻት?» ብላት፣

«እጇ ሞቃት ነው» አለችኝ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ጠብታ የተደረገባት እሷ፤ ማየት ያቃተን እኔና ጥበቃው።

መሸፈኛውን ልንመልስ ብንል ልጅቱ በጄ አላለችም። «አንቺም እናት ነሽ» ብላ ባለቤቴን ጉንጯን ሳመቻትና አውቶቡሷን ሮጣ ያዘች። በመስኮቱ አየኋት። ሰው ቆሞ፣ ከአጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

አሁን ባለቤቴ ያንን መሸፈኛ ለሰንበት ታስረዋለች፣ በዚያው ልጅቱ ባሳየቻት አስተሳሰር። የምኩራቡ ሴቶች ከበው ይዳስሱታል። «እንዴት ያለ የጨዋ አስተሳሰር ነው! ይኼ የእግዚአብሔር ሴት ልብስ ነው! ከየት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም፤ ተልኮልኝ ነው» ትላለች።

እኔም ከወንዶቹ በኩል «አሜን!» እላለሁ፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ። ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ይኼ ድምፅ ሚስቴን አስገኝቶልኛል።