ያላስተማርኩት የኋላ ማርሽ

ባለሙያ ሰው ሙያውን አስተምር ሲባል ደስ ይለዋል ያለው ማነው? እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ባለሙያ እስካሁን አልገጠመኝም። ወጥ አዋቂዋን ጠይቋት፤ ቅመሙን አንድ በአንድ ትቆጥርላችሁና አንዱን ትውጠዋለች። ሾፌርማ ከሁሉም የባሰ ነው። እኔ ራሴ በረዳትነት ሦስት ዓመት ጎማ ሳጥብ የኖርኩበት የጭነት መኪና ሾፌር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ማርሽ ሊቀይር ሲል ሁልጊዜ "እስቲ ያቺን ወፍ እያት!" ይለኝ ነበር። እኔም ሞኙ ዞር ብዬ አያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወፍ ሳይ ኖርኩ። ዛሬ ስለ ወፍ ብትጠይቁኝ አላፍርም፤ መንዳቱን ግን በስንት ስርቆት ነው የለመድኩት።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ያደግሁት ሰውዬ ነኝ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ለገጠሩ ምንጭ የሚያጎለብት አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሾፌር ሆኜ የተቀጠርኩት። ዘመኑ ደርግ ወድቆ ድርጅት በየሰፈሩ የፈላበት ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቶማስ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ጠባይ ብቻ አለባቸው። አዲስ አበባ ወርክሾፕ ተካፍለው በተመለሱ ቁጥር አንድ አዲስ ቃል ይዘውልን ይመጣሉ። ያን ጊዜ ይዘው የመጡት "አቅም ግንባታ" የሚባለውን ነበር።

ሰበሰቡንና አዋጁን አወጁ። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራውን እየሠራ ከሌላው ሠራተኛ ሙያ ይለማመዳል። ዘበኛው ከጸሐፊዋ ታይፕ ይማራል፤ የጽዳት ሠራተኛችን ታደለች ደግሞ ከእኔ መኪና መንዳት ትማራለች። ስድስት ወር፣ ከዚያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እያጨበጨብኩ ግን ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። ድርጅቱ ያለው አንድ ፒክአፕ ነው። አንድ መኪና፣ ሁለት ሾፌር! የኔን ደመወዝና የሷን ደመወዝ አስተያይቶ ከሁለታችን ማን እንደሚሰናበት ለማወቅ ነቢይ መሆን ያስፈልጋል እንዴ? አራት ልጆች አሉኝ፤ ዕድሜዬ ደግሞ አዲስ ሥራ የሚፈለግበት አልነበረም።

ታደለች ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። ምን ያደርጋል፣ መልካም ሴት ነች። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ባል ያገባች፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ መዝሙር እያንጎራጎረች ወለል የምትወለውል፣ ውሸት ከአፏ የማይወጣ የጨንቻ ልጅ። "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልፋትህን አልረሳም" ስትለኝ ህሊናዬ ይቆጠቁጠኛል። እና ህሊናዬ እየቆጠቆጠኝ ወሰንኩ፦ ሁሉንም አስተምራታለሁ፤ የኋላ ማርሽን ግን አላስተምራትም።

እስቲ አስቡት፣ ምን ዓይነት ጥበብ ነው! ወደፊት ብቻ የሚነዳ ሾፌር ፈተናውን አያልፍም፤ ከግቢም አይወጣም። እንዳታውቀውም ተጠንቅቄያለሁ። በማርሹ እጀታ ላይ የማርሾቹ ሥዕል ተቀርጾ የለ? ባለቤቴን ለመንኳትና በኪሮሽ ቀይ ኮፍያ ሠራችለት። ሥዕሉ ተሸፈነ። ለሰው ሁሉ "ለጌጥ ነው" አልኩ። የኋላ ማርሽ የግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ታደለችን "ውረጂና ከኋላ ሆነሽ ምሪኝ" እላታለሁ። ትወርዳለች። እኔ ቦታዋን ይዤ ማርሹን በእጄ ከልዬ ሳስገባ እሷ ከኋላ ቆማ "ና፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ና… በቃ!" ትላለች። በእውነቱ ጎበዝ መሪ ነበረች። ከኩልፎ ወንዝ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ አምስት ወር ተሽከረከርን፤ ፍሪሲዮን አያያዟ፣ መሪ አዟዟሯ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር አስይዛ መውረዷ ግሩም ሆነ። "የኋላውስ መቼ ነው ጋሼ?" አለችኝ አንድ ቀን። እኔም ምንም ሳላፍር "እሱ የመጨረሻው ትምህርት ነው፤ አትቸኩዪ" አልኳት።

በስድስተኛው ወር ለምንጭ ሥራ የሚሆን ቧንቧ ጭነን ካምባ ወጣን። ታደለች ለልምምድ ከጎኔ ነበረች። ቧንቧውን አራግፈን ልንመለስ ስንል ያዘኝ። ምኑ? ወባው ነዋ! የአርባ ምንጭ ሰው ሁሉን ነገር ትቶ ይሄዳል እንጂ ወባውን ትቶ አይሄድም። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ መንገዱ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ሁለት መንገድ እያየሁ እንዴት ነው የምነዳው? የካምባ መንገድ ደግሞ ባንድ በኩል ገደል፣ ባንድ በኩል ተራራ ነው፤ አንዱንም በቅጡ ካላዩት ጉድ ነው። ቁልፉን ለታደለች ሰጠሁና ጎኗ ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ። የመንደሩ ሰው ሁሉ "ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሺው" አላት። በስመ እግዚአብሔር ብላ ተነሣች።

እንዴት አድርጋ ወረደች መሰላችሁ! እኔ በትኩሳቱ መሀል እንኳ ኮራሁባት። ግማሽ መንገድ ላይ፣ መኪና ከመኪና በማይተላለፍበት ጠባብ ኩርባ ላይ ግን አንድ የጭነት መኪና ፊት ለፊት ገጠመን። የገበያ ዕቃ እስከ አፉ ጭኗል፤ ከዕቃው በላይ ደግሞ ሰው። ዳገት እየወጣ ነው፤ ቢቆም መነሣቱ፣ ወደኋላ ቢመለስ መዳኑ ያጠራጥራል። ሕጉም እኮ ግልጽ ነው፤ ባዶው ለጫነው፣ የሚወርደው ለሚወጣው ይለቃል። ሾፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ "እህቴ፣ ወደኋላ በይ!" አለ።

ወደኋላ በይ! ያን ጊዜ የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ትኩሳቱ ጠፋ፤ ብርድ ብርድ አለኝ። እኔ መንዳት አልችልም፤ ሰፋ ያለው ቦታ ያለው ከኋላችን ሁለት ኩርባ አልፎ ነው። ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከፊታችን። በገዛ ተንኮሌ ልሞት ነው አልኩ። ደግሞ ብቻዬን አይደለም፣ የሁለት ልጆች እናት ይዤ። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። "ታደለች" አልኳት፣ "ይቅር በይኝ፣ አንድ ያላሳየሁሽ ነገር አለ።"

"ቆይ ጋሼ፣ አሁን አታናግረኝ" አለችኝ።

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የማርሹን ቀይ ኮፍያ አወለቀችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እጀታውን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ጫን አድርጋ ወደ ጎን፣ ወደኋላ። ገባ! አንገቷን አዙራ፣ ፍሪሲዮኑን በጣት ጫፍ የያዘችው ያህል ለቀቅ እያደረገች፣ ለራሷ በለሆሳስ "ና፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ" እያለች ሁለቱን ኩርባ ወጣች። የጭነት መኪናው ሰዎች ዘለው ወርደው ከገደሉ በኩል ሊመሯት ሲጮኹ "እባካችሁ ዝም በሉ፣ ሰው ታሞብኛል!" አለቻቸው። ሰፊው ቦታ ላይ ጥግ አስያዘች። የጭነት መኪናው ሲያልፍ ላዩ ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ እልል አለ።

ስንወርድ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። ሳቀች። "የማርሹን ኮፍያ በየቅዳሜው የማጥበው እኔ አይደለሁ እንዴ ጋሼ? ሥዕሉን ቁጭ ብዬ አጥንቼዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ ከኋላ ቆሜ ስመራህ ደግሞ የመኪናዋን ጭራ ካንተ ይልቅ እኔ አወቅኩት" አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም እንዳለች ብጠይቃት "የመጨረሻው ትምህርት ነው ብለኸኝ የለ? እንዳላሳፍርህ ነዋ" ብላ መዝሙሯን ቀጠለች። ከወባው ይልቅ እሱ ነው ያንዘፈዘፈኝ።

በሳምንቱ ድኜ ቢሮ ስገባ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሲቀላን አዳርሷት ነበር። አቶ ቶማስ ሠራተኛውን ሰብስበው ጠበቁኝ። ይኸው ስንብቴ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ሁለተኛ መኪና መፈቀዱን፣ ታደለችም መንጃ ፈቃዷን ስታወጣ የምትነዳው እሱን እንደሆነ አበሰሩ። ለካ ከመጀመሪያውም ለዚያ ኖሯል! ስድስት ወር ሙሉ ለምን አልነገሩኝም? ለጋሾቹ እስኪፈርሙ ምስጢር ስለነበረ ነው አሉ። እሳቸውም የራሳቸውን ማርሽ በኮፍያ ሸፍነው ኖረዋል።

ቀጠሉና "ጋሽ ደምሴ፣ በዚያ ገደል ላይ እንደዚያ ያለ የኋላ ማርሽ! በምን ዘዴ ነው ያስተማሯት?" አሉኝ። ታደለች ቀና ብላ አየችኝ። እሷ ባለችበት ለመዋሸት አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የባሰ አፈርኩ። "እንግዲህ…" አልኩ ላቤን እየጠረግሁ፣ "ሁሉን አልነግራትም። እኔ ዝም ስል ራሷ ፈልጋ ትደርስበታለች።"

አቶ ቶማስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "አሳታፊ!" አሉ፣ "ይሄማ አሳታፊ የሥልጠና ዘዴ ነው! ባለፈው ወርክሾፕ ሦስት ቀን ሙሉ ያወራነው ስለዚህ እኮ ነው!" ወዲያው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው ታደለች ነበረች።

ከዚያ በኋላ በአቶ ቶማስ ትእዛዝ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወረዳው ጣቢያችን እየዞርኩ፣ ውሎ አበል እየታሰበልኝ፣ ሙያ እንዴት እንደሚደበቅ አሠለጠንኩ። የምታመላልሰኝ ታደለች ነበረች፤ በየደረስንበትም ሠልጣኞቹ ተሰልፈው እያዩ መኪናዋን በኋላ ማርሽ አስገብታ ታቆምልኛለች።