በእኛ አቆጣጠር ገና ነው

ንጋቱ ፎቶ አንሺው ትናንት ሌሊት ያየውን ሕልም ለጠላት እንኳ አይስጥ።

ሕልሙን ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ትስቁበታላችሁ። ንጋቱ ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው፤ ጓሮው ባለችው ክፍል ያድራል። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከአንድ ነጋዴ አንድ ካርቶን የቀለም ፊልም በርካሽ ገዛ። ካርቶኑ ላይ የማብቂያው ዓመት 2002 ይላል፤ እኛ ያለነው 1998 ላይ ነው። «ገና ብዙ ዕድሜ አለው» ብሎ ደስ እያለው ተሸክሞ ገባ። በኋላ አንድ መምህር ጉርድ ሊነሳ መጥቶ፣ «ይኼ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል» አለው። አይ ንጋቱ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ካርቶኑ ገና አላለቀማ። ለሰርገኛውም ለተመራቂውም ሸጠው፣ ራሱም አነሳበት፤ ፎቶው ለእጥበት ከተላከበት ወይን ጠጅ ሆኖ ሲመጣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «የአዲስ አበባ እጥበት ነው» ይላል።

እትዬ ዘርፌ ልጃቸውን ስንዱን ለሥራ ወደ ቤይሩት ሲሸኙ አብረው የተነሱት በዚሁ ፊልም ነው። ስንዱ ከፓስፖርቷ ጉርድ በቀር ሌላ ፎቶ የላትም፤ እሱም አብሯት ሄዷል። ትናንት ከሰዓት ፎቶው ታጥቦ መጣ። ንጋቱ ፖስታውን ሲከፍት ክው አለ። እናትየዋ ደብዘዝ ብለውም ቢሆን አሉ። በስንዱ በኩል ግን ያለው ወይን ጠጅ ጭጋግ ብቻ ነው። ወዲያው እትዬ ዘርፌ ከች አሉ፤ «መጣልኝ?» ቢሉት፣ እንደ ልማዱ «ነገ ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። በዚህ ሆዱ ነው እንግዲህ የተኛው።

በሕልሙ ደሴ ላይ ፀሐይ የለችም። በእሷ ፋንታ አንድ ቀይ አምፖል ከሰማይ ተንጠልጥሏል። የሰዉ ሁሉ ጥርሱ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ነው፤ ግን ማንም አልገረመውም፣ እንደወትሮው ሰላም ይባባላል። ንጋቱ ገበያ መሃል ካርቶን ውስጥ ቆሟል። ከግራ ከቀኙ ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ተደርድረዋል። ሻጮቹም ገዢዎቹም የፊልም ጥቅልሎች ናቸው። ጋቢ የደረበ አንድ ወፍራም ፊልም መጣና የንጋቱን አንገት ደፋ አድርጎ ማጅራቱ ላይ የታተመውን አነበበ።

«ይኼስ ጊዜው አልፏል» አለ።

«በእናንተ አቆጣጠር ነው እንጂ በእኛ ገና ነኝ» አለ ንጋቱ።

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት» አለ ሻጩ ፊልም። «ግድ የለም ውሰደው። ለሰርግ ባይሆን ለለቅሶ ይሆናል።»

ወፍራሙ ፊልም ንጋቱን ብብቱ ውስጥ ወትፎት ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ድንኳን ሰዎችን ሲተክል አዩ። አንዱን ሽማግሌ በካስማ ይወጥራል፣ ሌላውን በገመድ ይጎትታል። ሰዎቹ ዝም ብለው ይወጠራሉ።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለ ንጋቱ።

«ገና አልተነገረም» አለው ፊልሙ።

ወዲያው የንጋቱ የራሱ ፎቶ ቤት ደረሱ። አግዳሚው ላይ ፎቶ አንሺዎች ተራ ይዘዋል። ግድግዳው ላይ የተሳለው ፏፏቴ እውነተኛ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ የሁሉም ጫማ ርሷል። ካሜራው ኋላ የቆሙት እትዬ ዘርፌ ናቸው።

«ቀና በል» አሉት ተራው ሲደርስ። «አገጭህን ዝቅ። አትተንፍስ።»

«እትዬ፣ እባክዎ በዚህ ፊልም አያንሱኝ። ያጠፋኛል።»

«ምን ያጠፋሃል? በእኛ አቆጣጠር ገና ነው።»

መብራቱ ቦግ አለ።

«ፎቶዬስ?» አለ ንጋቱ።

«ነገ ና።»

ከበር ወጥቶ ሲመለስ ነገ ሆኗል። «ነገ ና» አሉት። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ተመለሰ፤ ፂሙ እስኪሸብት ተመላለሰ። እትዬ ዘርፌ አይቆጡ፣ አይስቁ፤ ልክ እሱ እንደሚያደርገው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ነው የሚመልሱት። እጁን ቢያይ ጣቶቹ ወይን ጠጅ ሆነዋል። እያያቸው ክንዱም ተከተለ። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እንባውን ሊጠርግ ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ስንዱን አያት። ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ የአንገቷ ማተብ ሳይቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እዚህ ደህና ነኝ» አለችው።

«ታዲያ ያ ጭጋግ ምንድን ነው?»

«እሱ የሄድኩበት ነው። ለእማዬ ግን እንዳትነግራት።»

«ምኑን?»

ልትመልስለት ስትል በሩ ተንኳኳ። ፏፏቴው ቆመ። በሩ ደግሞ ተንኳኳ፤ ንጋቱ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። የሚንኳኳው የእውነቱ በር ነበር።

ከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከፊት ያሉት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር ናቸው።

«በማለዳ ቀሰቀስንህ፣ ይቅርታ» አሉ ጋሽ ይመር። «ለዘርፌ መርዶ ልንነግር እየሄድን ነው። ስንዱ እዚያ በሄደችበት ሞታለች። ከፎቅ ወደቀች ነው የሚሉት። አስከሬኗም አይመጣም አሉ። ከመሄዷ በፊት አንተ ጋ ተነስታለችና ፎቶዋን ስጠን።»

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ድንኳኑ መሃል የሚቀመጠው ፎቶ ነው፤ ሴቶቹ ደረታቸውን የሚመቱት እሱን እያዩ ነው። ይኼን ንጋቱ አሳምሮ ያውቃል፤ የስንቱን ሰጥቷል። ከአፉ የወጣው ግን የለመደው ነገር ነው።

«ነገ ኑ» አላቸው።

«ለቅሶው ዛሬ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር።

ምን ያድርግ? ገብቶ ፖስታውን አመጣ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት፣ ጀርባውን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ፊቱን አዩት።

«ዘርፌን አየኋት» አሉ። «ልጅቷ የታለች?»

ንጋቱ ጣቱን ወይን ጠጁ ጭጋግ ላይ አደረገ።

«እዚህ ጋ ነበረች» አለ።