በር ላይ የተሰቀለችው የሰናይት ሰዓት

«የሐበሻ ቀጠሮ» እያሉ የሚያሙን ሰዎች አንድ ነገር አልገባቸውም። እኛን ሰዓት አያከብሩም ማለት ስም ማጥፋት ነው። እናከብራለን እንጂ! ብቻ ከማክበራችን በፊት ሰዓቱ የማን እንደሆነ እናጣራለን። ድሃ ሲዘገይ ስንፍና ነው፤ ሹም ሲዘገይ ስብሰባ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ይህን አላውቅም አይበሉኝ።

በደርግ ዘመን ነፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከጎፋ በእግሬ ስገሰግስ መጥቼ ከበሩ ውጭ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እቆማለሁ። ሥራ የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ይባላል። በሩ የሚከፈተው ግን ሳይረን ሲነፋ ነው፤ ሳይረኑን የሚነፉት ደግሞ ዘበኛው ጋሽ ደበላ የሥራ አስኪያጁን መኪና ከሩቅ ሲያዩ ነው። መኪናዋ ከታየች ሁለት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ካልታየች ገና ነው። የሚያናድደኝ ብርዱ አልነበረም፤ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ያባከኑትን ጊዜ ማታ እኛ ቆይተን ማካካሳችን ነበር። አውቶቡሱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሰናይት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ውጭ አገር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ተመልሳ ታይፕ ክፍል ተመደበች። ለምን ቢሉ፣ ሴት ስለሆነች። ወርክሾፕ ውስጥ ሽቦ የሚበጣጥሱት ወንዶች ሥራ ፈትተው ዳማ ሲጫወቱ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ትመታለች። አንድ ቀን በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ስለ ሳይንስ ረጅም ንግግር ሲያደርጉ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ለበሩ ሰዓት ልሥራ። በትክክል ከሠራች ወርክሾፕ ይመድቡኛል?»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ እሳቸውም በጭብጨባው መሀል እሺ አሉ።

ልጅቷ ከውጭ ይዛት የመጣች አንዲት ማይክሮኮንትሮለር ነበረቻት፤ የጣት ጥፍር የምታህል፣ እግሯ የበዛ፣ ያዘዟትን የምትቆጥር ጥቁር ነገር። ከእሷ ጋር ቁጥር የሚታይባት ግራጫ መስታወት አገናኘች። መብራት ቢጠፋም ቆጠራዋን እንዳትረሳ ባትሪ ሰጠቻት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያቺ ጥቁር ነገር የተሠራችበት አገር ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ዓመቱም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ሰናይት ቁጭ ብላ በእኛ አቆጣጠር ሰዓት የሚቆጠረው ከጠዋትና ከማታ ተነስቶ እንደሆነ አስተማረቻት፤ ጳጉሜን የምትባል ጉደኛ ወር እንዳለችም፣ በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን እንደምትጨምርም ጭምር። እኔ የገዛ ልጄን ይህን ለማስረዳት አቅቶኛል። ዛሬም ድረስ አደንቃታለሁ።

ሰዓቷን ከሬዲዮ ጋር አስተካክላ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ሰቀለቻት። ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለነበሩ ተጋፍተን ከበብናት፤ ከኋላ ላሉት ደግሞ ጋሽ ደበላ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። «ሁለት ሰዓት!» አሉ። ሁላችንም ሳይረኑን አየን። እሳቸው ግን መንገዱን አዩ። መንገዱ ላይ አንዲት አህያ ብቻ ነበረች።

መኪናዋ ብቅ ስትል ጋሽ ደበላ ከልማድ የተነሳ ሳይረኑን ነፉት፤ አፋቸው ደግሞ ከማንበብ አልተመለሰም። «ሁለት ሰዓት ከሃያ!» ሲሉ ሥራ አስኪያጁ የመኪናቸውን መስኮት ዝቅ አድርገው ነበር። የሳቀ ሰው የለም። በዚያ ዘመን ሳቅም ሻጥር ሊባል ይችላል።

ወረዱና ሰዓቷን አዩ፤ የእጅ ሰዓታቸውንም አዩ።

«ጓድ ሰናይት፣ ሰዓትሽ ሃያ ደቂቃ ትቀድማለች። አስተካክያት።»

አንዲት ቁልፍ ብትጫን ነገሩ ያልቃል፤ ወርክሾፑንም ታገኛለች። «እሺ በይ፣ አንቺ ልጅ» አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ከእኔ የተሻለች ሰው ናት።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ወደ ኋላ ልመልሳት እችላለሁ» አለች። «ነገር ግን ከሬዲዮው ጋር አትስማማም። ሬዲዮውን ደግሞ ሁሉም ሰው ቤቱ ይሰማዋል።»

ሬዲዮው የመንግሥት ነው። ሬዲዮው ተሳስቷል የሚል ሥራ አስኪያጅ እስከዚያ ቀን አልተወለደም ነበር። ፊታቸውን አዙረው ወደ ግቢው ገቡ። እኛም ልጅቷ አለቀላት ብለን አንገታችንን ደፍተን ገባን፤ እሷም ታይፕ ክፍል ሄዳ ቃለ ጉባኤዋን መምታት ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ ወጣ። ሰዓቷ «ለተጨማሪ ጥናት» ከበር ተነቅላ ወደ ኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ትዛወር፤ አሠራሯን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለም ጓድ ሰናይት አብራት ትዛወር! ትክክል ሆና ስለተገኘች ሰዓቷን አሰሯት፤ ባለቤቷን ግን ከታይፕ ክፍል እስር ፈቷት። እልል ማለት አማረኝ፤ ግን ግምጃ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ አፈርኩ።

ሰናይት ሰዓቷን ወርክሾፑ መስኮት ላይ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠቻት። በዚያ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ መጸዳጃ ቤት ይወስዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መላውን ሠራተኛ ውሃ ሽንት ያጣድፈው ጀመር።

አንድ ቀን እኔም ተጣድፌ ስሄድ ሥራ አስኪያጁን መስኮቱ ፊት አገኘኋቸው። ግራ ቀኝ ገልመጥ ብለው የእጅ ሰዓታቸውን ከሰናይት ሰዓት ጋር ያስተካክላሉ። እኔም እንዳላየሁ አለፍኩ። በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ዘግይተው መጡ፤ አሁን ግን ምን ያህል እንደዘገዩ ከማናችንም በላይ በትክክል ያውቃሉ።