አድማሱ በብስክሌት ባሕር የተሻገረበት በጋ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ እዚያ በሩ ላይ ነፋስ አለ። ግንቦት እንዲህ ነው። ጧት ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ከሰዓት ጉና ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ይቆለላል፣ ገበሬው ሞፈሩን ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰው ሁሉ ዝናቡን ሲናፍቅ እኔ ግንቦት በመጣ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ለምን በሉኝ። በብስክሌት የተነሣ ነው።

አትሳቁ። ብስክሌት ሆድ አያባባም ያለው ማነው?

ባለቤቴ አድማሱ የግብርና ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበር። ደብዳቤ ያደርሳል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ለዚያ ሥራ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ሰጥተውት ነበር። ጡረታ ሲወጣ በዚያው ይዘሃት ሂድ አሉት። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያደልባል፣ ቀፎ ይሰቅላል። የእኔው ብስክሌቷን ከጓሮው ግድግዳ አስደግፎ ተዋት። ዶሮዎቼ መሪዋ ላይ ማደር ለመዱ። ተገላገልን ብዬ ነበር፤ ምን አውቄ።

ነገሩ የመጣው በልጃችን ነው። ምናለ ይባላል፣ የመጨረሻው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀመጠ። ቤት የተቀመጠ ጎረምሳና ጡረታ የወጣ አባት አንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ አይታችኋል? አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። አንዱ ሲያስል ሌላው ስድብ ይመስለዋል። በመጨረሻ ልጁ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። በረሃውን በእግር፣ ባሕሩን በጀልባ። እኔ አለቀስሁ፣ ለመንሁ፣ ነጠላዬን እግሩ ላይ ጣልሁ። አድማሱ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። መነኻሪያ ድረስ ሸኘነው፤ እኔ ዳቦ ቆሎውን ስቋጥር አባትና ልጅ ዳር ቆመው ትንሽ ተነጋገሩ፣ ከዚያ መኪናው ሄደ።

ጂዛን የሚባል አገር መግባቱን አብሮት የሄደ ሰው ደውሎ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ዝም። አንድ ክረምት ዝም፣ በጋው ዝም፣ ሁለተኛውም ክረምት ዝም። በዚያ መንገድ ስንቱ እንደ ቀረ እናንተም ትሰማላችሁ። እኔ በየደጀ ሰላሙ ወደቅሁ። አድማሱ ግን ልጁን በስሙ መጥራት ተወ፤ “እሱ” ብቻ ይላል።

ታዲያ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደና ዶሮዎቹን አባረረ። ብስክሌቷን አጠባት። ምን ልትሆን ነው ስለው፣ ተስያለሁ አለኝ። እስከ ሰኔ ሚካኤል፣ ክረምቱ ሳይዘጋ፣ ልጁ ያለበት አገር የሚያደርሰውን ያህል መንገድ በብስክሌት ሊነዳ። እዚሁ ግን፣ አገሩ ላይ እየተመላለሰ። ሚካኤል ሕዝቡን ባሕር ያሻገረ አይደለም? ከልጁ ያገናኘዋል። ድምፁን ያሰማዋል።

ዕድሜው ሰባ ሊደፍን ምንም አልቀረው። ጉልበቱ ከወንበር ሲነሣ ይንቋቋል።

ያኔ የፊተኛውን ክፍል ያከራየነው የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበር፤ አገሩ ወላይታ፣ ስሙ ታምሩ፣ ጨዋ ልጅ። አድማሱ ጂዛን ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ጠየቀው። ታምሩ ስልኩን ነካክቶ፣ ልጅዎ በሄደበት መንገድ ከሺህ አምስት መቶ ያልፋል አለው። መሐል ላይ ባሕር ስላለ ግን ያን ልቀንስልዎት ወይ አለ፣ አዝኖለት።

“ልጄ ባሕሩን ሲሻገር ማን ቀነሰለት?” አለው አድማሱ።

ባሕሩም ተጨመረ።

ጎረቤት ምን አለ? ጎረቤት መቼም አያርፍ። አያ አድማሱ ወጣት ሊያገባ ነው አሉ። በዕድሜው ወዛደር ሆነ አሉ። አንዷማ እኔን ይዛ፣ እሱ መሪውን ይያዝ አንቺ ኋላ ተቀምጠሽ ጃንጥላ ያዢለት አለችኝ። ሳቅሁላት። ምን ላድርግ፤ ካልሳቅሁ ለቅሶዬን ታየዋለች።

እሱ ግን ነዳ። ጧት ወደ ወረታ መንገድ ቁልቁል ይለቃታል፤ ጋቢው ኋላ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ማታ እየገፋት ይመለሳል፣ ወይ አይሱዙ ላይ አስጭኗት። በሳምንቱ ሒሳቡ እንደ ጉድ ሮጠ። እንዲህማ ከሆነ ጥምቀትን ጂዛን ነው የምውለው አለ። ከዚያ በኋላ ነው ልቡ የከበደው። ይህ ቁልቁለት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ለብቻው ቢያስበው አልሆንልህ አለው። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ሄድን።

አባ መጀመሪያ ተቆጡ። ስለት የሚገባው የለመኑት ሲደርስ ነው፤ ሳይደርስልህ ቀድመህ የምትከፍለው ሚካኤልን ልታሳፍረው ነው ወይ አሉት። አድማሱ አንገቱን ደፋ። ተላላኪ ኖሮ ኖሮ፣ ማመልከቻ ያለ አባሪ ሲመለስ አይቶ አይቶ፣ ሁሉን አሟልቶ መቅረብ ለምዶ ነው። ተሳስቼ እንደሁ ይፍቱኝ፣ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል አለ። አባም ከወጣ ወጣ ብለው የቁልቁለቱን ነገር ሰሙ። እሳቸው በሕይወታቸው ከበቅሎ በቀር የተቀመጡበት ነገር የለም።

“ቁልቁለቱን የወሰደህ እግርህ ነው?” አሉት።

“አይ አባ፣ ራሷ ናት።”

“እንግዲያ እሷ ትቁጠረው።”

ዳገቱንስ አለ። ዳገቱን እንዴት ነው የምትወጣው አሉት፤ እየገፋሁ አለ። እሱ የእግር መንገድ ነው፣ መልካም ነው፣ ዋጋም አለው፣ አንተ የተሳልኸው ግን በብስክሌት ነው አሉት። አለቀ።

እስቲ አስቡት። ደብረ ታቦር ላይ ቁልቁለቱም ዳገቱም ሲወጣ ምን ይተርፋል? ለእኔ የታየኝ የገበያው መሐል ብቻ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ በሽንኩርት ተሞልቷል። አድማሱ ያን የሮጠውን ሒሳብ በሙሉ ጣለው። አንድ እርምጃ አላስቀረም። በበነጋው ጋቢውን ጠቅልሎ፣ ሜዳ ፍለጋ ፎገራ ወረደ። ወረታ እኅቱ እትዬ ዘነበች ቤት ገባ። አርባ ዓመት አንድ አልጋ የተኛሁት ሰውዬ፣ ምድር ጠፍጣፋ ስላልሆነች ጥሎኝ ሄደ።

በጋውን እንዲያ ብቻዬን ከረምሁ። ወሬው በመኪና ረዳቶች ይደርሰኛል። ዛሬ ወደ ሐሙሲት ሲነዳ አየነው፣ ትናንት ወደ ይፋግ ሲነዳ አየነው ይሉኛል። ለገና መጣ፣ ለፋሲካ መጣ፣ ዶሮውን በላ፣ ተመለሰ። ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ሲገባ፣ አላስችል ሲለኝ ስንቅ ይዤ ወረድሁ። ፎገራ ሙቀቱ፣ ትንኙ! እትዬ ዘነበች ደጅ ላይ ተቀበለችኝና ወንድሜን ምን አስነክታችሁት ነው የላካችሁብኝ አለች። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ይገባል፣ እግሩን በሞቀ ውሃ ነክሮ ግድግዳ ሲያይ ይውላል።

መጣ። ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ጉልበቱ ቅል አክሎ። ዓይኑ ግን ሌላ ነበር።

“ጥሩ፣ የት የደረስሁ መሰለሽ?” አለኝ በስሜ ጠርቶ።

“ወረታ ነዋ” አልሁት።

“አይደለም። ዛሬ ባሕሩ ጠርዝ ደርሻለሁ።”

አበደ ብዬ እትዬ ዘነበችን አየኋት፤ እሷም እኔን አየችኝ። አላበደም። ያስባል፣ ይቆጥራል፣ የሩዝ ዋጋ ይከራከራል። ብቻ እየነዳ በልቡ የልጁን መንገድ ነው የሚሄደው። ሩዝ የሚያርሙት ሴቶች እንኳ ለምደውታል። አያ፣ ዛሬ የት ገቡ ይሉታል። ድንበር አለፍሁ ይላል። ፓስፖርት አልጠየቁዎትም ወይ ብለው ይንከተከታሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ መንዳቱን ግን አያቆምም።

ባሕሩ የባሰ ሆነ፤ ጥዬው መመለስ አቅቶኝ እዚያው ሰነበትሁ። በባሕሩ ሰሞን ከብስክሌቷ አልወርድም አለ። ደክሞህ ከሆነ ዛፍ ሥር ዕረፍ ሲሉት፣ ባሕር ላይ እንዴት ይቆማል ይላል። ጠበሉን በጠርሙስ ይዞ እየነዳ ይጠጣል። አንድ ቀን ጉማራ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ራሱን አዞረውና ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ሰዎች አንሥተው ሲያመጡት ክንዱ ተልጧል። ስጠርግለት አንድም ጊዜ አላቃሰተም። እሱም ወድቆ ይሆናል፣ ማን አነሣው፣ አለኝ። ውሃውን ላሙቅ ብዬ ወጣሁ።

ክንዱ ሲሽር ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ቸኮለ፣ መንገዱ ዳርና ዳሩን ውሃ ያዘው። ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀር እትዬ ዘነበች ደወለች። ነገ ጂዛን ይደርሳል፣ ልጁ ሲደውል አብራኝ ትሁን ብሏል አለችኝ። ወረድሁ።

ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ጂዛን። አያለሁ ብዬ ያሰብሁት ነገር አልነበረም፤ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ አንዲት ቀይ ላም፣ ሩዝ የተዘራበት ውሃ። ባጃጅ ይዤ ቀድሜው ቆሜያለሁ። እየተንገዳገደ መጣና ወረደ። ብስክሌቷን ዛፍ አስደገፈ። አማተበ። ስልኩን ከፌስታል አወጣና ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዝናብ ሲጥል ጋቢውን ስልኩ ላይ ከደነ፤ ራሱን ዝናብ እየመታው።

ስልኩ ጮኸ። እሱ ጋቢውን ሲገልጥ እኔ ነካሁለት። እትዬ ዘነበች ናት። ምሳው ቀዘቀዘ፣ ምን ትሠራላችሁ አለች።

እስኪመሽ ጠበቅን። በበነጋው ጠበቅን። ሰኔ ሚካኤል ዋለ፣ አለፈ። የሽንኩርት አይሱዙ ላይ ብስክሌቷን ጭነን ወደ ቤታችን ወጣን። በመንገድ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ምናልባት ወደ ሐሙሲት አንዱ ጋ ትንሽ ያዘቀዝቃል፣ ሳላየው ቆጥሬው ይሆናል አለ።

በነሐሴ ነው አንዲት ሴት የመጣች። የእብናት ሴት ናት፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ስሟ አበሩ። ቤቱን እያጠያየቀች ደረሰች። የምናለ እናት እርስዎ ነዎት አለችኝ። አለ፣ ደኅና ነው፣ ፍየል ይጠብቃል፣ ወፍሯል አለች። እልል አልሁ። ታዲያ ለምን አይደውልም አልኋት።

ሴትዮዋ አድማሱን አየችው።

“አባቴ ሰው ሳትሆን ድምፅህን እንዳታሰማኝ ብሎኛል አለኝ” አለች። “የቤት መሥሪያው ገንዘብ ሲሞላ እደውላለሁ ይላል።”

ለካ መነኻሪያ ላይ እኔ ዳቦ ቆሎ ስቋጥር የተባለው ይህ ኖሯል። አድማሱን አየሁት። ልጁን ለማጀገን ነው ያለው፤ አውቀዋለሁ። አባቶቻችን ልጃቸውን ሲወዱ እንዲህ ነው የሚናገሩ። የሚያሳዝነው ልጁ ማመኑ ነው።

አድማሱ ጠየቃት።

“ስንት ቀረው?”

“እሱን አይናገርም፣ ጋሼ። ሊሞላ ሲል ይጨምርበታል።”

ያን ዕለት ገባኝ። አንድ ቤት ውስጥ ልክ የሚያስቀምጡ ሁለት ወንዶች ነበሩኝ። አንዱ ይህን ያህል ሳልነዳ ልጄን አልጠይቅም ይላል፣ አንዱ ይህን ያህል ሳልይዝ አባቴን አልጠራም ይላል። አሁን ደግሞ በራዲዮ ሰው ዓላማ ይኑረው፣ ግብ ያስቀምጥ ሲሉ እሰማለሁ። እዘጋዋለሁ። ዓላማ የሌለው፣ ሲርበው እናቱን የሚጠራ ልጅ የተሰጣችሁ ተመስገን በሉ።

በአበሩ ስልክ ድምፄን አስቀርጸን ላክንለት። እንዳለህ ሁን፣ ፍየልም ጠብቅ፣ ብቻ ደውል አልሁት። አድማሱም ይናገር ብዬ ስልኩን አስጠጋሁለት፤ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። መልእክቱ እንደ ደረሰው አበሩ ነግራኛለች። ደጋግሞ ሰምቶታል አለች። አልደወለም።

እንግዲህ ሌላው ምን ሆነ ብትሉ፣ አባ ወልደ ሚካኤል ዓይናቸው ደክሞ ከቤት አይወጡም። ታምሩ ወደ አገሩ ተዛወረ፣ አገባ፣ በዓል ሲሆን ይደውላል። እትዬ ዘነበች እንደ ወትሮዋ ናት፣ ምሳ ቀዘቀዘ ትላለች። አበሩ እብናት ላይ ሱቅ ከፈተች። ብስክሌቷን ለአንድ ጎማ ጠጋኝ ሰጠናት፣ ጎማዋን ለሌላ ብስክሌት ፈታባት። ምናለ ዛሬም ጂዛን ነው። አድማሱ ጉልበቱ አልተመለሰም፤ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፣ ወደ ቆላው፣ ወደ ጂዛኑ መንገድ፣ ዞሮ ይቀመጣል፣ ስጠራው ቶሎ አይሰማኝም። ሰው ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ፣ ዓረብ አገር ሁለት ሰው አለኝ እላለሁ።