ጭስ ያልታየበት ድግስ

«ራሴን ቻልኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን አሁን ደንገጥ እላለሁ። ምን ነካህ አትሉኝም? እኔም ብያት አውቃለኋ! ያውም በማኅበርተኛ ፊት፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ደብረ ታቦር ላይ ሬዲዮና ስልክ ስጠግን ኖሬ፣ ዓይኔ ሲደክም ባለቤቴን ይታይሽን ይዤ አርብ ገበያ አጠገብ ወዳለው የአባቴ መሬት ተመለስኩ። ገበሬ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። በሬ ስጠምድ ያየኝ ሰው በሬዎቹን ነው የሚያጽናናው። ግን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ሳይ አንድ ሐሳብ ልቤ ገባ፤ የማንንም ደጅ ሳይጠኑ መኖር። ውሃው ከጓሮ፣ መብራቱ ከጣራ፣ ጎመኑ ከደጅ። ታዲያ ሰው ለምን ያስፈልጋል? አልኩ። ያኔ አንድ ሰው በኩርኩም ቢለኝ ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ።

ጣራዬ ላይ ሶላር ሰቀልኩ። ሶላሩ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ውሃ ይስባል፤ ታንከሩ ሲሞላ ስልኬ ይጮኻል። ይህን ለጎረቤቴ ለአያ ደመላሽ ባሳያቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ውሃው ይደውልልሃል? እኔ የወለድኋቸው እንኳ አይደውሉልኝ» አሉ። እኔ ግን የቀናብኝ ሰው ያየሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ባዮጋዝ መጣ። ነገሩ ቀላል ነው። የላም አዛባ ከውሃ ጋር አሽታችሁ የታፈነ ጉድጓድ ውስጥ ትከታላችሁ፤ እዚያ ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙን በቱቦ ወደ ምድጃ ትወስዱታላችሁ። በቃ! እንጨት የለም፣ ኩበት የለም፣ ጭስ የለም። ጉድጓዱን የቆፈሩልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ በደቦ። (ራሴን ችዬ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው!) የውሃ ጉድጓድ መሰላቸው። እኔም ሲያልቅ ላስደንቃቸው ብዬ ዝም አልኩ።

ችግሩ አንዲት ላም ብቻ ናት ያለችን። የእሷ አዛባ ሽሮ ሳያንተከትክ እሳቱ እልም ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ መላውን ነገረኝ። የሽንት ቤቱንም ቱቦ ወደዚያው ጉድጓድ ቀጥሉት አለ። ቀጠልኩት። እሳቱም ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ነደደ። ይታይሽ ግን እጄን ይዛ፣ በሞቴ ይኼን ለሰው እንዳትናገር አለችኝ። ሳይንስ ነው ምን ያሳፍራል? አልኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ሆነ። ይህ ማኅበር የአባቴ ነው፤ እሱ ሲሞት ወንበሩን ለእኔ አቆዩልኝ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ምግቡ የጾም ነው፤ ዳቦ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ሁሉም የበሰለው በአዲሱ ምድጃ ነው። ማኅበርተኛው ከገበያ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ቤቴ ሲመጣ ጣራዬ ላይ ጭስ ያጣል። የደጋሽ ቤት እንዴት አይጨስም? ሰው ሞቶ ይሆናል ብለው ተደናግጠው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ደረሱ። እኔ ደግሞ በሳቅ ተቀበልኳቸው። ይታያችሁ፣ ለቅሶ ለመጣ ሰው!

ድጓ ቤት ቤተ ልሔም የተማሩት የማኅበራችን መሪጌታ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ተበላ። ወጡ ተመሰገነ። አንዲት እናት፣ ጭስ ያልነካው ሽሮ በዕድሜዬ ዛሬ ቀመስኩ አሉ። አያ ደመላሽ ዳቦ እንደጎረሱ፣ እንጨቱን የት ደብቀኸው ነው? አሉኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ብድግ አልኩ። «እኔ እንግዲህ ራሴን ችያለሁ! ኑ ተከተሉኝ» አልኩ። ይታይሽ ከጓዳ ዓይኗን ብታፈጥብኝም እንዳላየ አለፍኳት።

ከምድጃው ጀምረን ቱቦውን ተከትለን ወጣን። መሪጌታ በመቋሚያቸው ቱቦውን መታ መታ እያደረጉ፣ ሌላው ከኋላ። በጎመኑ አልፈን፣ በላሟ ጉረኖ አልፈን ጉድጓዱ ጋ ደረስን። ከላሟ ነው የሚመጣው ስላቸው ተደሰቱ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ዓይናቸው ግን ሁለተኛውን ቱቦ አየ። እሱስ ወዴት ነው የሚሄደው? አሉ። እኔም በደስታ እየመራሁ ሽንት ቤቱ በር ላይ አቆምኳቸው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ ሦስት ጊዜ አማተበ። የባሰው ግን አያ ደመላሽ ናቸው። ጉንጫቸው በዳቦ እንደተወጠረ ደርቀው ቀሩ። እንዳይውጡት፣ ያበሰለውን እሳት ምንጭ በዓይናቸው አይተዋል። እንዳይተፉት፣ የተባረከ የማኅበር ዳቦ ነው፤ የተባረከ አይተፋም። ዓይናቸው እኔ ላይ፣ ዳቦው አፋቸው ውስጥ ቆመ።

እኔም ያኔ ነው ክው ያልኩት። የሚቀጥለው ተረኛ እሳቸው ናቸዋ! ጽዋውን ከእጄ ተረክበው ወደ ቤታቸው ካልወሰዱ ማኅበሩ እኔ ቤት ላይ ተቋረጠ ማለት ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣበት ጽዋ በእኔ ቱቦ ሊቆም! እዚህ አገር ከማኅበር የወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል? ውሃ ሲሞላ የሚደውል ስልክ ሬሳ አይሸከምም።

ቤት ተመልሰን ተቀመጥን። ጽዋውን ይዤ አያ ደመላሽ ፊት ቆምኩ። እጃቸውን አልዘረጉም። ልናገር ቢሉም አፋቸው ሙሉ ነው፤ «እምም» ብቻ አሉ። ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ።

መሪጌታ ዝግ ብለው፣ «እስከ ዛሬ በምን ስትጋግሩ ኖራችሁ?» አሉ።

«በኩበት» አሉ እኚያ ሽሮውን ያመሰገኑት እናት። «የላም ግን እንደዚህ አይዶለም! ላም ሣር ነው የምትበላ።»

«እኛስ ጾመኞች ምን በላን? ጎመን አይዶል?» አሉ መሪጌታ።

ማንም አልሳቀም። በዚህ መሐል ይታይሽ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ የቀረው ወጥ ሳይሞቅ ጋዙ አለቀ ብላ አረፈችው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይኸው እንግዲህ ራሱን የቻለ ቤት! መሪጌታ ምክንያቱን ጠየቁኝ። ሁለት ሰውና አንድ ላም ለድግስ እሳት አይበቃም፣ ብዙ ሰው ይፈልጋል አልኳቸው፤ አንገቴን ደፍቼ።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ወጡ። በመስኮት እናያለን፤ በጎመኑ አለፉ፣ በጉረኖው አለፉ፣ ገቡና በሩን ዘጉ። እኛ እንደ ድንጋይ ተቀምጠን ጠበቅን። ቆይተው መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

«በሉ» አሉ፤ «እኔ መዋጮዬን አግብቻለሁ። ከማኅበር የበላ ለማኅበር ያዋጣል።»

መጀመሪያ የሳቁት አያ ደመላሽ ናቸው። አፋቸው ሙሉ ስለነበር ሳቁ በአፍንጫቸው መጣ፤ ትን ትን አላቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ በዚያው ዳቦው ወረደ። ጀርባቸውን መታ መታ አደረግናቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል ጉሮሯቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ ከሆዴ ገብቷል፤ ምን ቀረኝ? አምጣው!» ብለው ጽዋውን ከእጄ ወሰዱ። አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ ማኅበርተኛው አንድ በአንድ እየተነሣ በጎመኑ በኩል ሄደ። ጋዙ በዚያው ቀን እንደማይደርስ አልነገርኳቸውም፤ መዋጮ አይመለስማ።

ለብቻ የበላ ለብቻ ይሞታል ሲባል ስለ እንጀራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብቻውን የኖረ እሳቱም ይሞትበታል። አሁን በየዓርቡ የገበያ መንገደኛ ሲያልፍ ይታይሽ ደጅ ቆማ እንደ ደንቡ ትጣራለች። ሰውም እንደ ደንቡ፣ በልተናል፣ ጠግበናል ይላታል።

«እሱንማ ነው የምፈልግ» ትላለች። «ባትበሉም ግቡ!»